ከቲቪው ጀርባ ሳታዩ ገመድ አትግዙ

አዲስ ሆም ቲያትር ቤቱ ያስገባ ሰው መጀመሪያ ካርቶኑን ይዘረግፋል። ገመዱ ሁሉ ወለሉ ላይ ይከመርና የቱ ከየቱ እንደሚገናኝ ግራ ይገባዋል። ለጊዜው ተዉት። የስልካችሁን ባትሪ አብሩና ቲቪው ጀርባ ግቡ፤ ምን ገመድ እንደሚያስፈልጋችሁ የሚነግሯችሁ እዚያ ያሉት ቀዳዳዎች ናቸው።

ጠፍጣፋው ኤችዲኤምአይ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ይሆናል። ከአንደኛው ጎን ግን በደቃቅ ፊደል አርክ ወይም ኢ-አርክ የሚል ተጽፎ ታገኛላችሁ። ከኤችዲኤምአዮቹ መካከል ድምፅ ከቲቪው ወጥቶ ወደ ስፒከሩ የሚሄደው በእሱ ብቻ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ምሽት ተቃጥያለሁ። ገመድ ቀየርኩ፣ ሳውንድባሩን አጠፋሁ አበራሁ፣ የሸጠልኝን ሰውዬ በሆዴ ረገምኩት፤ ለካ የሰካሁት ከአርኩ አጠገብ ያለው ላይ ኖሯል። አዙሬ ሰካሁት፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የድምፅ መውጫውን ቀየርኩ፣ ወዲያው ጮኸ። አንዳንድ ቲቪ ላይ ሲኢሲ የሚባለውን፣ መሣሪያዎቹ በኤችዲኤምአይ እርስ በርስ የሚታዘዙበትንም ማብራት ያስፈልጋል። አምራቾቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ስም ስለሚሰጡት ትንሽ መፈለጋችሁ አይቀርም።

ገመዱን ስትገዙ ሻጩ "ይሄ ሁለት ነጥብ አንድ ነው" ሊላችሁ ይችላል። እሱ የመሣሪያው ቁጥር ነው፤ የገመዱን ደረጃ የሚናገረው ስሙ ነው። ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ በሰከንድ 18 ጊጋቢት ያሳልፋል፣ 4ኬ ምስል በሰከንድ በ60 ፍሬም ለማየት በቂ ነው። አልትራ ሃይ ስፒድ 48 ጊጋቢት ያሳልፋል። እሱ የሚያስፈልገው 4ኬን በ120 ፍሬም የሚያወጣ የጌም ኮንሶል ላለው ወይም 8ኬ ለሚያይ ሰው ነው። ፊልምና ኳስ ብቻ ከሆነ የምታዩት፣ ትርፍ ወጪ ነው። ሁለቱም ማሸጊያቸው ላይ በስልክ የሚነበብ ኮድ ያለው ምልክት ይለጠፍባቸዋል፣ እሱ ከሌለ ስሙን አትመኑ።

በወርቅ የተለበጠ ነው ሲሏችሁም አትደንግጡ። ወርቅ ዝገት ይከላከላል እንጂ ምስል አያጠራም። ሲግናሉ ዲጂታል ስለሆነ ከደረሰ ደረሰ ነው፤ ካልደረሰ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ይረጫል፣ ይቆራረጣል ወይም ድርግም ይላል። ቀለሙ ትንሽ ደብዘዝ ካለባችሁ ገመዱን አትውቀሱ።

ርዝመት ግን ቀልድ የለውም። የመዳብ ገመድ በረዘመ ቁጥር ይደክማል፣ 48 ጊጋቢት የሚያሳልፈው ደግሞ ይብሳል፣ ከ5 ሜትር በላይ ባትሞክሩት ይሻላል። ፕሮጀክተር ጣሪያ ላይ ለሚሰቅል ሰው ውስጡ በብርሃን የሚሠራ ኤችዲኤምአይ አለ። እሱ አቅጣጫ ስላለው ሶርስ የሚለው ጫፍ ማጫወቻው ላይ፣ ዲስፕሌይ የሚለው ስክሪኑ ላይ ይሰካል። ግድግዳ ውስጥ ከመቅበራችሁ በፊት ወለል ላይ ዘርግታችሁ ሞክሩት። አንድ ጊዜ ተገልብጦ ከተቀበረ ግድግዳ መፈልፈል ነው።

ቲቪያችሁ አርክ ከሌለው ብዙ ጊዜ ኦፕቲካል የሚባል፣ ድምፅ በብርሃን የሚያስወጣ ቀዳዳ ይኖረዋል። የገመዱ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ የላስቲክ ቆብ አውልቁ። ብርሃን ስለምታሳይ ያለች አትመስልም፤ ስንቱን ሰው እንዳደከመች! ቲቪው ጋ ሰክታችሁ በሌላኛው ጫፍ ቀይ ብርሃን ከወጣ መስመሩ ይሠራል። ዶልቢ ዲጂታል 5.1፣ ማለትም በስድስት መስመር የተከፈለ ድምፅ ይሸከማል፤ አትሞስ የሚባለውን፣ ድምፅ ከላይም የሚያሰማውን ግን አይችልም። በአርክ ከኢንተርኔት ፊልም የሚመጣው አትሞስ ያልፋል፣ ብሉሬይ ዲስክ ላይ ያለው ሙሉው ድምፅ ግን ኢ-አርክ ይፈልጋል።

ቀይ፣ ነጭና ቢጫው አርሲኤ ለአሮጌ ዲቪዲ ይሁንላችሁ። ቀይ ለቀኝ፣ ነጭ ለግራ፣ ቢጫ ለምስል።

በአምፕሊፋየር የሚሠራ ሆም ቲያትር ከሆነ የስፒከር ሽቦም አለ። የጌጁ ቁጥር ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። ለአንድ ክፍል 16 ይበቃል፣ መንገዱ በጣም ከረዘመ 14 ግዙ። ጫፉን አንድ ሴንቲሜትር ያህል ላጡና ክሮቹን በጣታችሁ አጥብቃችሁ ጠምዝዙ። አንዲት ክር እንኳ አፈንግጣ የጎረቤቱን ቀዳዳ ከነካች አምፕሊፋየሩን ልታቃጥለው ትችላለች። ከሁለቱ ሽቦዎች በአንደኛው ላይ መስመር ወይም ጽሑፍ አለ። እሱን ቀይ ላይ ካደረጋችሁ በሁለቱም ጫፍ፣ በሁሉም ስፒከር ቀይ ላይ ይሁን። አንዱ ከተገለበጠ ድምፁ ይወጣል፣ ቤዙ ግን ይከዳችኋል።

ሰብዉፈሩ፣ ቤዙን የሚያወጣው ስፒከር፣ የሚፈልገው አንድ አርሲኤ ገመድ ነው፤ ኤልኤፍኢ የሚል ቀዳዳ ካለው እዚያ ይሰካል። ለመግዛት ከመውጣታችሁ በፊት ገመዱ የሚሄድበትን መንገድ በሲባጎ ለኩ፣ በቀጥታ ሳይሆን በየጥጉ እየዞራችሁ። ከዚያ ግማሽ ሜትር ጨምሩበት፤ አቧራ ለመጥረግ ቲቪውን ወደ ፊት ስትስቡት እንዳይነቀል።