ለቴክኒክ ኢንተርቪው ስትዘጋጁ ከእነዚህ የጥናት ስህተቶች ተጠንቀቁ

ለፕሮግራመርነት ሥራ ወራት ሙሉ ሲያጠና የከረመ ሰው ቀላል በሚባል ጥያቄ ሲወድቅ ማየት ያሳዝናል። ለፍቷል እኮ! ግን አብዛኛውን ጊዜ የለፋው ኢንተርቪው ላይ የማይጠየቀውን ነገር ሲለማመድ ነው።

ትልቁ ስህተት መልስ ቶሎ ማየት ይመስለኛል። ሊትኮድ በተባለው የኮድ መለማመጃ ድረ ገጽ ላይ አንድ ጥያቄ ትከፍታላችሁ፣ አምስት ደቂቃ ትሞክራላችሁ፣ እምቢ ሲላችሁ መፍትሔውን ታነባላችሁ። መፍትሔው ግልጽ ነው። “ገባኝ” ብላችሁ ወደሚቀጥለው ታልፋላችሁ። የምትሸወዱት እዚህ ላይ ነው። የሌላ ሰው መፍትሔ ሲያነቡት መግባቱና ያንኑ ከባዶ ገጽ ተነስቶ መጻፍ ለየቅል ናቸው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ይህን በተማሪዎች ላይ አይተውታል። አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ የተሻለ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት፣ ጽሑፉን ሳያዩ የሚያስታውሱትን ለመጻፍ የታገሉት ነበሩ።

ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ያህል ታገሉ። ካልሆነ መልሱን እዩ፣ ከዚያ ዝጉትና ራሳችሁ ጻፉት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ሳታዩ ድገሙት። ያኔ እጃችሁ ከተሳሰረ ገና አልያዛችሁትም።

የሠሩትን ጥያቄ መቁጠርም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። “300 ጨርሻለሁ” ማለት ደስ ይላል። ከነሱ ውስጥ ዛሬ ያለ እገዛ የምትሠሩት ስንቱን ነው? ቁጠሩ ካላችሁ እሱን ቁጠሩ።

ሁሌም በርዕስ ብቻ ማጥናት። ሰኞ ስላይዲንግ ዊንዶው (በዝርዝር ላይ እየተንሸራተቱ ተከታታይ ክፍሉን የማየት ዘዴ)፣ ማክሰኞ ግራፍ (በመስመር የተያያዙ ነጥቦች)። ለጀማሪ ጥሩ ነው። ችግሩ፣ ርዕሱን ስታውቁ የመልሱ ግማሽ ተነግሯችኋል። ኢንተርቪው ላይ ግን የጥያቄውን ዓይነት መለየት ራሱ የእናንተ ሥራ ነው። መሠረቱን ከያዛችሁ በኋላ ጥያቄዎቹን ቀላቅሉ።

ዝም ብሎ መሥራት ብዙ ጎበዝ ሰዎችን የሚጥል ነው። ጠያቂው ማየት የሚፈልገው እንዴት እንደምታስቡ ነው፤ ዝም ካላችሁ ምንም አያይም። እንበልና 2፣ 7፣ 11 እና 15 የያዘ ዝርዝር ተሰጣችሁ። ድምራቸው 9 የሚሆን ሁለት ቁጥር ፈልጉ ተባላችሁ። ኮድ ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ፦ ዝርዝሩ ሁሌም በቅደም ተከተል የተደረደረ ነው? ቁጥር ይደገማል? ጥንድ ከሌለስ ምን ልመልስ?

ከዚያ የምታስቡትን እየተናገራችሁ ሂዱ። “እያንዳንዱን ቁጥር ከሌሎቹ ጋር ማጣመር ይሠራል። ዝርዝሩ 100,000 ቁጥር ካለው ግን 5 ቢሊዮን ገደማ ጥንድ ይሆናል። ያየሁትን ሐሽ ማፕ (የተቀመጠን ነገር ወዲያው የሚያገኝ መዝገብ) ውስጥ እያስቀመጥኩ ብሄድ አንድ ዙር ይበቃኛል፤ 7 ላይ ስደርስ 2ን አይቼው እንደሆነ አጣራለሁ።” ዝርዝሩ የተደረደረ ነው ከተባላችሁ ደግሞ ሐሽ ማፑም አያስፈልግም። ከሁለቱ ጫፍ ተነስቶ ወደ መሀል መምጣት ይቻላል። አያችሁ፣ መልሱን የቀየረው መጀመሪያ ላይ የጠየቃችሁት ጥያቄ ነው። ይህ ልማድ በአንድ ቀን አይመጣም። ቤት ውስጥ ብቻችሁን ስትሠሩም ጮክ ብላችሁ አውሩ፤ የሚሰማችሁ ጓደኛ ካለ ደግሞ እሰየው።

ኤዲተር ላይ መደገፍ። ኮዱን የሚጨርስላችሁ፣ ስህተቱን በቀይ የሚያሰምርላችሁ መሣሪያ ኢንተርቪው ላይ ላይኖር ይችላል። አንዳንዴ የሚሰጣችሁ ነጭ ሰሌዳ ብቻ ነው። ስትለማመዱ ማሟያውንም ኤአይ ረዳቱንም አጥፉ። ከጻፋችሁ በኋላ ኮዱን በእጃችሁ ተከተሉት፦ ዝርዝሩ ባዶ ቢሆንስ? አንድ ቁጥር ብቻ ቢኖረውስ? በጣም ቢረዝምስ? የመጨረሻዋን አትናቋት። ጃቫ በተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ውስጥ የነበረው ባይነሪ ሰርች፣ ማለትም የተደረደረ ዝርዝርን ከመሀሉ እየከፈለ የሚፈልገው ኮድ እንኳ ለዘጠኝ ዓመት ያህል ስህተት ይዞ ቆይቷል፤ ጉዳዩ በሰፊው የተሰማው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። መሀሉን ለማግኘት ሁለቱ ጫፎች ሲደመሩ፣ በጣም ረጅም ዝርዝር ላይ ድምሩ ኢንቲጀር የተባለው የሙሉ ቁጥር ዓይነት ከሚይዘው በላይ ይሆን ነበር።

በመጨረሻ፣ የራስን ሲቪ አለማጥናት። አልጎሪዝም ላይ ተጠምዶ የገዛ ፕሮጀክቱን የሚረሳ ብዙ ነው። ይህን ዳታቤዝ ለምን መረጥክ? ተጠቃሚው አሥር እጥፍ ቢጨምር መጀመሪያ የሚሰበረው የቱ ጋ ነው? እነዚህ የማይቀሩ ጥያቄዎች ናቸው። ሲቪያችሁን አንድ በአንድ እያያችሁ ስለ እያንዳንዱ ቴክኖሎጂ ሁለት ደቂቃ ለማውራት ሞክሩ። ማውራት ያቃታችሁን አጥኑት፤ ጊዜ ከሌላችሁ ከሲቪው አውጡት።