ሲሙሌተሩ ውስጥ ታወሩ እንዲሰማችሁ፦ ከማይክ እስከ ሪድባክ

በፍላይት ሲሙሌተር ከአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ጋር በድምፅ ማውራት የጀመረ ሰው ደጋግሞ የሚሰማው መልስ «ሰይ አጌን» (እንደገና ተናገር) ነው። አብዛኛው ሰው «አክሰንቴ ነው» ብሎ ተስፋ ይቆርጥና ከሜኑ ቁጥር እየመረጠ ወደ መብረር ይመለሳል። አክሰንት የራሱ ድርሻ አለው። ብዙውን ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ድምፁ ከማይክ ተነስቶ፣ ንግግራችሁን ሰምቶ እንደ ተቆጣጣሪ የሚመልሰው ተጨማሪ ፕሮግራም ጋ እስኪደርስ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው፤ ካልሆነም ንግግሩ ፕሮግራሙ ከሚጠብቀው ቅርፅ ስለወጣ ነው። ሁለቱም ይስተካከላሉ። እዚህ የምንዘረዝረው ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተርን ወይም ኤክስ ፕሌን 12ን በዊንዶውስ ለሚጠቀሙ ነው፤ ምሳሌዎቹም ከቦሌ የተነሱ ናቸው።

የተሰማውን ጽሑፍ ሳታዩ ምንም አትንኩ

እነዚህ ፕሮግራሞች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሰሙትን ንግግር በጽሑፍ የሚያሳዩበት መስኮት አላቸው። መስኮቱን ከፍታችሁ ከሲሙሌተሩ ጎን አስቀምጡት፤ ሁለተኛ ስክሪን ካለ እዚያ ይሁን። ሬዲዮ ቼክ (ድምፃችሁ መሰማቱን የምታረጋግጡበትን ጥሪ) ጠይቁና የተጻፈውን አንብቡ። ምንም ካልተጻፈ ችግሩ ማይኩ፣ የዊንዶውስ ፈቃድ ወይም የመናገሪያ ቁልፉ ነው። የተጻፈው ሌላ ቃል ከሆነ የድምፅ ጥራት ወይም አነጋገር ነው። በትክክል ተጽፎ ተቆጣጣሪው ካልመለሰ ወይም «ሰይ አጌን» ካለ ደግሞ ማይኩን አትንኩት፤ ፍሪኩዌንሲው፣ የበረራው ደረጃ ወይም አባባሉ አልገጠመም ማለት ነው። ሦስቱን ሳይለዩ አዲስ ሄድሴት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

የትኛውን ፕሮግራም?

ሁለት ዓይነት አሉ። አንደኛው እንደ ፓይለት ቱ ኤቲሲ ያለው ነው፤ የዊንዶውስን የራሱን የድምፅ መለያ ተጠቅሞ እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ ይሠራል። ሊባሉ የሚችሉ ሐረጎችን በዝርዝር ይዞ የእናንተን ንግግር ከዝርዝሩ ጋር ያስተያያል፤ ከዝርዝሩ የወጣ አባባል፣ ትርጉሙ ግልጽ ቢሆንም፣ አይገባውም። ሁለተኛው እንደ ሴይ ኢንቴንሽንስ እና ቢዮንድ ኤቲሲ ያለው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራው ነው። ላላ ያለ ንግግር ይቀበላል፣ አክሰንትም በተሻለ ይታገሣል።

የሬዲዮ ንግግር መማር ለሚፈልግ፣ በተለይ ወደ አቪዬሽን ትምህርት ለመግባት ላሰበ ወጣት፣ ምርጫው የመጀመሪያው መሆን አለበት። ስህተትን የማያልፍ ፕሮግራም ምላስን ያርማል። «ኦኬ፣ ዊ አር ጎይንግ አፕ ናው» ስትሉት ተረድቶ የሚያሳልፋችሁ ተቆጣጣሪ ግን ቅዠት ውስጥ ያኖራችኋል። ለመዝናናት ብቻ ከሆነ ሁለተኛው ይበልጥ ደስ ይላል፤ የተቆጣጣሪዎቹ ድምፅም የሰው ይመስላል።

ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሆነ የሙከራ ጊዜ ካለ እሱን ሳትጨርሱ አትግዙ። ሴይ ኢንቴንሽንስ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ በዩፒኤስ ቢተርፍም ዋይፋይ ራውተሩ ከጠፋ ተቆጣጣሪው ለማረፍ ስትቃረቡ ዝም ይላል፤ ስለዚህ ራውተሩንም እዚያው ዩፒኤስ ላይ ሰኩት። መስመሩ ደካማ ከሆነ ደግሞ የሲሙሌተሩ መልክዓ ምድር የሚያወርደው ዳታ ድምፁን ያፍነዋል። ድምፅ የሚፈልገው ዳታ ትንሽ ነው፤ ከባዱ ምስሉ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ፎቶግራሜትሪውን (ከፎቶ የተሠራውን የከተሞች ምስል) አጥፉት።

ማይኩ

በዩኤስቢ የሚሰካ፣ ማይኩ በክንድ ወደ አፍ የሚቀርብ ተራ ሄድሴት ከውድ ብሉቱዝ ይበልጣል። ብሉቱዝ ሄድሴት ማይኩ ሲከፈት ወደ ስልክ ጥሪ አሠራር ይቀየራል፤ የምትሰሙት ድምፅ ጥራቱ ይወርዳል፣ የእናንተም ድምፅ ታፍኖ ይገባል። «የሞተሩ ድምፅ ድንገት እንደ ስልክ ሆነብኝ» የሚል ሰው ችግሩ ይሄው ነው።

ማይኩን ከከንፈር ጥግ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ ወደ ጎን አድርጉት። አፍ ፊት ለፊት ከሆነ በ«ፕ» እና በ«ት» ጊዜ የሚወጣው ትንፋሽ እየመታው ቃሉን ያበላሻል፤ «አፕሮች» እና «ዲፓርቸር» አልሰማ የሚሉት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። በዊንዶውስ የድምፅ ሴቲንግ የማይኩን መጠን ከ75 እስከ 85 ባለው ውስጥ አድርጋችሁ ጀምሩ። ከዚያ በዊንዶውስ የድምፅ መቅጃ አስር ሰከንድ ቅዱና በሄድሴቱ አድምጡት። ከተሰነጠቀ ዝቅ፣ ከሩቅ ከመጣ ከፍ አድርጉ። የራሳችሁ ጆሮ ያልለየውን ፕሮግራሙ እንዲለይ አትጠብቁ።

መሃል አዲስ አበባ ጸጥታ ብርቅ ነው። የግንባታ ማሽን፣ የታክሲ ረዳት ጥሪ፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ድምፅ ማጉያ፣ በክረምት ደግሞ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ አለ። ስለዚህ ማይኩ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ድምፅ ሲሰማ ራሱ የሚጀምርበትን አሠራር አትምረጡ። በቁልፍ የሚከፈተውን ተጠቀሙ። አጠቃቀሙ ሥርዓት አለው፦ ቁልፉን ተጫኑ፣ ግማሽ ሰከንድ ያህል ቆዩ፣ ተናገሩ፣ ጨርሳችሁ ግማሽ ሰከንድ ቆዩና ልቀቁ። እየተናገሩ መጫን የመጀመሪያውን ቃል ይቆርጣል። የመጀመሪያው ቃል ብዙ ጊዜ የጣቢያው ስም ወይም የጥሪ ስማችሁ ስለሆነ እሱ ከተቆረጠ ቀሪው ቢሰማም ዋጋ የለውም። ዝናቡ ሲበረታ ግን ቁልፉም አያድንም፤ በዚያ ሰዓት ከሜኑ እየመረጡ መብረር ይሻላል።

የጆይስቲኩን ምላጭ የመናገሪያ ቁልፍ ስታደርጉ ሲሙሌተሩ ቀድሞ ለሌላ ሥራ መድቦት እንደሆነ እዩ። ፍሬን ላይ ተመድቦ ከሆነ በተናገራችሁ ቁጥር አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሲንቀሳቀስ ይንገጫገጫል። የቀድሞውን ምደባ አጥፉት።

ዊንዶውስን ማዘጋጀት

በዊንዶውስ የቋንቋ ሴቲንግ የአሜሪካን እንግሊዝኛ ጨምሩ፤ ሲወርድ የንግግር ክፍሉ አብሮ መውረዱን አረጋግጡ። ጽሑፉ ብቻ ከወረደ ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት የድምፅ መለያ አያገኝም። በፕራይቬሲ ሥር ማይክሮፎን የሚለውን ክፈቱና የዴስክቶፕ ፕሮግራሞች ማይክ እንዲጠቀሙ ፍቀዱ። ሄድሴቱ ዋናው የድምፅ መቀበያ ሆኖ መመረጡንም እዩ፤ ዩኤስቢውን ነቅላችሁ ሌላ ቦታ ስትሰኩ ዊንዶውስ ወደ ላፕቶፑ ማይክ ሊመለስ ይችላል።

ቀጥሎ ያለው ለዊንዶውስ መለያ ተጠቃሚዎች ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ነው። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ስፒች ሪኮግኒሽን ሥር ኮምፒውተሩ ድምፃችሁን እንዲለምድ የሚያደርግ ልምምድ አለ (በአዳዲሶቹ የዊንዶውስ 11 ቅጂዎች ላይ ላይገኝ ይችላል)፤ የሚመጣውን ዓረፍተ ነገር ታነባላችሁ። አንዴ አንብቦ መተው አይበቃም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙት፣ ለበረራ በምትጠቀሙበት ሄድሴትና በምትናገሩበት ፍጥነት። እንደ ዜና አንባቢ ድምፁን አሳምሮ የተለማመደ ሰው በረራ ላይ ተጣድፎ ሲናገር ፕሮግራሙ ሌላ ሰው ይመስለዋል።

እዚያው ያለው የንግግር መዝገበ ቃላት አዲስ ቃል በራሳችሁ ድምፅ ለመጨመር ያስችላል። መጀመሪያ መግባት ያለበት «ኢትዮፒያን» የሚለው የጥሪ ስም ነው። እኛ በ«ትዮ» እና በጠንካራው «ጵ» እንለዋለን፤ የእንግሊዝኛው መለያ የሚጠብቀው ምላስ በጥርስ መሃል የሚወጣበትን ድምፅና ለስላሳ «ፒ» ነው። በራሳችሁ አነጋገር ቅዱለት። ካልሆነ በምዝገባ ቁጥር ብረሩ፤ የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች ምዝገባ በ«ኤኮ ታንጎ» ይጀምራል፣ የፊደል መጥሪያዎቹ ደግሞ በደንብ ይሰማሉ።

ከሲሙሌተሩ ጋር ማገናኘት

ሲሙሌተሩና ተጨማሪው ፕሮግራም በእኩል ፈቃድ ይከፈቱ። አንዱን አድሚኒስትሬተር አድርጎ ሌላውን በተራ መክፈት ቁልፎች እንዳይተላለፉ ያደርጋል። የሲሙሌተሩን የራሱን ተቆጣጣሪ ድምፅ ዝቅ አድርጉት፤ በእናንተ ፋንታ ሬዲዮ የሚያወራው ረዳት ደግሞ ፈጽሞ ይጥፋ። አለበለዚያ ሁለት ታወር በአንድ ጊዜ ይመራችኋል፣ ረዳቱም ሳትፈልጉ ፍሪኩዌንሲ ይቀይራል።

የበረራ እቅዱን በሲምብሪፍ (የበረራ እቅድ ማውጫ ድረ ገጽ) ሠርታችሁ ለሁለቱም አንዱኑ ፋይል ስጡ። የናቪጌሽን ዳታ በየ28 ቀኑ ይታደሳል፤ ሲሙሌተሩ አዲስ፣ ተጨማሪው ፕሮግራም የቆየ ዳታ ከያዙ ተቆጣጣሪው አውሮፕላናችሁ የማያውቀውን የመነሻ መስመር ይሰጣችኋል። ባትሪና አቪዮኒክስ (የአውሮፕላኑ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች) ካልበሩ ሬዲዮው አይሠራም። ኮም 1 (የመጀመሪያው ሬዲዮ) ላይ ያለው ፍሪኩዌንሲም በተጠባባቂው ሳይሆን በዋናው መስኮት መሆኑን ተመልከቱ፤ በትክክል ተጽፎ መልስ ሲጠፋ በመጀመሪያ የሚታየው ይሄ ነው።

አባባሉ

ፕሮግራሙን ወደ አይካኦ (የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት) አነጋገር ቀይሩት። በአሜሪካው ከተተወ የአየር ግፊቱን በኢንች ይሰጣችኋል፤ እኛ ዘንድ የሚሠራው በሄክቶፓስካል ነው። በአይካኦ ነጥብ «ዴሲማል» ይባላል እንጂ «ፖይንት» አይባልም።

ቁጥር በነጠላ በነጠላ ይጠራል። 13,000 ጫማ «ዋን ትሪ ታውዛንድ» ነው፣ «ተርቲን ታውዛንድ» አይደለም። አቅጣጫ ሁሌ ሦስት አሃዝ ነው፦ «ሄዲንግ ዜሮ ሰቨን ዜሮ»። በአይካኦ 3 «ትሪ»፣ 5 «ፋይፍ»፣ 9 «ናይነር»፣ ሺህም ለስላሳ «ታውዛንድ» ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ይሄ ትልቅ ዕድል ነው፤ የሚያስቸግረን የእንግሊዝኛ ድምፅ ከቁጥሮቹ ላይ ተነሥቶልናል፣ ስለዚህ «ስሪ» ለማለት አትጨነቁ።

የሚያስቸግሩት ሌሎች ናቸው። «ስ» ከሌላ ተነባቢ ጋር ሲገጥም ከፊቱ «እ» እንጨምራለን፦ «እስኳክ»፣ «እስታንድባይ»። ፕሮግራሙ ያቺን «እ» እንደ ራሷ ቃል ይወስዳትና ቀሪውን ያበላሻል። ቀጥታ ከ«ስ» ጀምሩ። «ሌቭል» በ«ብ» ከተባለ መለያው «ሌብል» የሚለውን ሌላ ቃል ይሰማል፤ መስኮቱ ላይ ይታያል። የታች ጥርስን ከላይ ከንፈር ጋር ሳይሆን የላይ ጥርስን በታች ከንፈር አሳርፎ «ቭ» ማለት ነው። «ሰቨን» ላይም ያው ነው፣ እሱ ደግሞ ከአፍ አይጠፋም።

ከቦሌ ወደ ድሬዳዋ ስትነሱ ተቆጣጣሪው እንዲህ ቢል፦ «ኢትዮፒያን ቱ ዜሮ ኤይት፣ ክሊርድ ቱ ድሬዳዋ አዝ ፋይልድ፣ ክላይምብ ዋን ትሪ ታውዛንድ ፊት፣ ስኳክ ፎወር ቱ ዜሮ ዋን»፣ መልሱ «ክሊርድ ቱ ድሬዳዋ አዝ ፋይልድ፣ ክላይምብ ዋን ትሪ ታውዛንድ ፊት፣ ስኳክ ፎወር ቱ ዜሮ ዋን፣ ኢትዮፒያን ቱ ዜሮ ኤይት» ነው። ትእዛዙን እንዲህ መልሶ መድገም ሪድባክ ይባላል፤ የጥሪ ስም መጨረሻ ላይ። ማኮብኮቢያ፣ ከፍታ፣ አቅጣጫ፣ ፍጥነት፣ የአየር ግፊትና የስኳክ ቁጥር (ራዳር አውሮፕላኑን የሚለይበት ባለ አራት አሃዝ ኮድ) ሳይደገሙ አይታለፉም፤ «ሮጀር» ብቻ ማለት ፕሮግራሙን እንደገና ያስጠይቀዋል። ነፋስ ግን አይደገምም፤ የደገመ ሰው ዓረፍተ ነገሩን አርዝሞ ዋናውን ያስጠፋል። የስኳክ አሃዞች ከ0 እስከ 7 ብቻ ናቸው፣ መስኮቱ ላይ 8 ወይም 9 ካያችሁ የተሳሳተው መለያው ነው።

መልሱን በወረቀት ሳትጽፉ አትጀምሩ። በመሃል «እ...» ብሎ ማሰብ በሰው ተቆጣጣሪ ዘንድ ያልፋል፣ እዚህ ግን ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ያስጥላል። ከተሳሳታችሁ ቁልፉን ልቀቁና ከመጀመሪያው ድገሙ።

ቦሌ ላይ የከፍታው ጉዳይ

ቦሌ ከባህር ወለል በላይ 7,600 ጫማ ገደማ ላይ ነው። አንዳንዱ ፕሮግራም የመጀመሪያውን ከፍታ ለሁሉም አየር ማረፊያ አንድ አድርጎ ይይዛል፤ 5,000 ከሆነ «ክላይምብ ፋይፍ ታውዛንድ» ተብላችሁ መሬት ሥር ትላካላችሁ ማለት ነው። ሴቲንጉ ውስጥ የመነሻ ከፍታውን ለቦሌ ለይታችሁ ሙሉ፤ ቁጥሩን ከመነሻ ቻርቱ ውሰዱ። በሰሜን በኩል እንጦጦ ከ10,000 ጫማ በላይ ስለሚቆም ፕሮግራሙ ወደዚያ ሲያዞራችሁ ከፍታውን ከቻርቱ ጋር ሳታመሳክሩ አትታዘዙ። ፕሮግራሙ ተራራ የማያይ ከሆነ «አኔብል» (አልችልም) ብላችሁ ሌላ አቅጣጫ ጠይቁ፤ ይሄ አባባል ዝርዝሩ ውስጥ አለ።

የአየር ግፊቱን በተሰጠው ቁጥር አስተካክሉ። መሣሪያው 1013 ላይ ቀርቶ ትክክለኛው 1025 ከሆነ ከፍታ መለኪያው በ300 ጫማ ገደማ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ተቆጣጣሪው «ቼክ አልቲቲዩድ» እያለ ሲጨቀጭቃችሁ በድምፁ መለያ ላይ ከመበሳጨት በፊት የአየር ግፊት ማስተካከያውን ቁልፍ አዙሩ።