የምርመራ ጥናቶችን በግራፍ ስታሳዩ ሰፊዋን ክብ አትርሱ

በአር (የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ቋንቋ) የምርመራ ትክክለኛነት ሜታ-አናሊሲስ ለምትሠሩ፣ ማለትም አንድ ምርመራ ታማሚን ከጤነኛ ምን ያህል እንደሚለይ የለኩ ጥናቶችን ለምታጣምሩ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። «ማዳ» የሚባለው ፓኬጅ ጥናቶቹን የሚያጣምረውን የ«ራይትስማ» ሞዴል ውጤት ሲስል ኩርባውን (ታማሚን የማግኘትና ጤነኛን በስህተት ታማሚ የማለት ድርሻ አብረው እንዴት እንደሚለወጡ የሚያሳየውን መስመር)፣ አማካይ ነጥቡን እና የ95% ኮንፊደንስ ክቧን ብቻ ነው የሚያወጣው። ጥናቶቹ ራሳቸው አይታዩም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ያቺ ክብ የምትነግረን አማካዩ የት እንዳለ ብቻ ነው። ጥናት ሲበዛ እየጠበበች ትሄዳለች። አንባቢ ጠባብ ክብ ሲያይ «ምርመራው የትም ቦታ እንዲህ ይሠራል» ብሎ ይደመድማል። ጥናቶቹ ግን ወዲያና ወዲህ ተበታትነው ሊሆን ይችላል። ውጤቱን የሚጠቀመው ሐኪም ነውና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ በሥዕሉ ትእዛዝ ውስጥ «ፕሬዲክት» የሚለውን ምርጫ «ትሩ» አድርጉት። አዲስ ጥናት ቢሠራ ውጤቱ የት አካባቢ ሊያርፍ እንደሚችል የምታሳየው ሰፊዋ ክብ ትመጣለች። ከዚያ በ«ፖይንትስ» ትእዛዝ እያንዳንዱን ጥናት ጨምሩበት።

አግድሙ መስመር ላይም ተጠንቀቁ። እዚያ ያለው ስፔሲፊሲቲ (በትክክል ጤነኛ የተባሉት ጤነኞች ድርሻ) ሳይሆን በስህተት ፖዘቲቭ የተባሉት ጤነኞች ድርሻ ነው። ከ50 ታማሚዎች 45ቱን ያገኘ፣ ከ100 ጤነኞች ደግሞ 10ሩን በስህተት ታማሚ ያለ ጥናት ወደ ላይ 0.9፣ በአግድም 0.1 አካባቢ ይቀመጣል። ስታታ በሚባለው ሌላ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ያለው «ሜታንዲ» ትእዛዝ ግን ስፔሲፊሲቲን ከ1 ወደ 0 ገልብጦ ይጽፋል። ቦታው ያው ነው፣ የሚለየው ቁጥሩ ነው።

ጥናቶቹ የተለያየ መቁረጫ ነጥብ (ውጤቱ ፖዘቲቭ መባል የሚጀምርበት ወሰን) ከተጠቀሙ ደግሞ አማካይ ነጥቡን ትታችሁ ኩርባውን አሳዩ።