ጌሙ ይዘገያል፣ ጽሑፉ ይደበዝዛል፦ ቲቪውን ልቀይረው?

ትልቅ ቲቪ ገዝቶ ፕሌስቴሽን 5 ከሰካበት በኋላ «ምናለ ሞኒተር በገዛሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ቲቪውን ለመሸጥ አትቸኩሉ። አንዳንዱ ችግር በሪሞት ይስተካከላል። የማይስተካከለውንም ለይቶ ማወቅ ይቻላል።

ስትጫኑ ተጫዋቹ ዘግይቶ ይመታል

ኳስ ስትጫወቱ ጎል አፋፍ ላይ ትጫናላችሁ፣ ምቱ ግን ቆይቶ ነው የሚወጣው። ፕሌስቴሽን ቤት ውስጥ «ጆይስቲኩ ተበላሽቷል» የሚባለውም አንዳንዴ ይኸው ነው። ቲቪው ምስሉን ከማሳየቱ በፊት ያሳምረዋል። ቀለሙን ያደምቃል፣ እንቅስቃሴውን ያለሰልሳል። ይህ ጊዜ ይወስዳል። ፊልም ላይ የሚጫን ነገር ስለሌለ አይታወቅም። ጌም ላይ ግን ያናድዳል። በ60 ሄርትዝ፣ ማለትም ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ምስል ሲቀያይር፣ አንድ ፍሬም (አንድ ምስል) የሚቆየው 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። ቲቪው 100 ሚሊሰከንድ ከዘገየ፣ ስድስት ፍሬም ወደኋላ ቀራችሁ ማለት ነው።

መፍትሄው «ጌም ሞድ»ን ማብራት ነው። ኮንሶሉ (ፕሌስቴሽኑ) የተሰካበትን ፖርት፣ ማለትም የገመድ መሰኪያ፣ ከፍታችሁ አብሩት፤ ብዙ ቲቪዎች ሴቲንጉን ለየፖርቱ ለብቻ ነው የሚይዙት። በርቶም ልዩነት ከሌለው፣ መጀመሪያ በሌላ ጆይስቲክ ሞክሩ። ያኔም ከዘገየ ቲቪው ለጌም አይሆንም።

120 ሄርትዝ ተብሎ የተገዛው 60 ብቻ ያሳያል

ፖርቱን እዩ። 4ኬ ምስል በ120 ሄርትዝ በሙሉ ጥራቱ እንዲያልፍ ኤችዲኤምአይ 2.1 የሚባለው የመሰኪያ ደረጃ ያስፈልጋል። አራት ፖርት ያለው ቲቪ ላይ እንኳ 2.1 የሆኑት አንድ ወይም ሁለት ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። ገመዱም ከኮንሶሉ ካርቶን የወጣው ይሁን። እዚህ ላይ የሚያበሳጨኝ «ሞሽን ሬት 120» የሚለው ጽሑፍ ነው። እሱ የማስታወቂያ ቁጥር እንጂ የስክሪኑ ሄርትዝ አይደለም። ስክሪኑ ራሱ 60 ከሆነ ምንም ሴቲንግ አያድነውም።

ኮምፒውተር ሲሰካ ፊደሉ ይደበዝዛል

አንዳንድ ቲቪ የቀለሙን መረጃ ይቀንሳል። የፖርቱን ስም ከሴቲንግ ውስጥ «ፒሲ» አድርጉት። የምስሉ ጠርዝ ከተቆረጠ ደግሞ የስክሪን መጠኑን ወደ ሙሉ ምስል ቀይሩ።

ይህም ካልረዳ ጉዳዩ የፒክስል፣ ማለትም ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጠብጣቦች፣ ነው። 55 ኢንች 4ኬ ቲቪ በአንድ ኢንች 80 ፒክስል ገደማ አለው። 27 ኢንች 1440ፒ (ጠቅላላ ፒክስሉ ከ4ኬ ያነሰ) ሞኒተር 109 አለው። ጠረጴዛ ላይ ተጠግቶ ለሚያነብ ዓይን ልዩነቱ ግልጽ ነው። ወይ ራቁ፣ ወይ ሞኒተር ግዙ።

ሞኒተር ተገዛ፣ ግን ከሶፋ ላይ አይታይም

ርቀቱ በዝቷል። ድምፁም ደካማ ነው፣ ስፒከር ጭራሽ የሌለውም አለ። ሳሎን ውስጥ ከጓደኞች ጋር ለመጫወት ቲቪ ይሻላል።

ገና ልትገዙ ከሆነ፣ ከምትቀመጡበት እስከ ስክሪኑ ያለውን በሜትር ለኩ። ከአንድ ሜትር በታች ከሆነ 27 ወይም 32 ኢንች ሞኒተር። ሁለት ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ 55 ኢንች ቲቪ። በመካከል ላላችሁ እኔ የምመርጠው 42 ወይም 43 ኢንች 4ኬ ቲቪ ነው፤ የፒክስሉ ጥግግት ለ27ቱ ሞኒተር ይቀርባል። ኮምፒውተር የምትሰኩ ግን የግራፊክስ ካርዳችሁን አስቀድማችሁ እዩ። ዲስፕሌይፖርት የሚባለው የኮምፒውተር ምስል መሰኪያ ቲቪ ላይ ብዙውን ጊዜ ስለማይገኝ፣ 4ኬን በ120 ሄርትዝ ለማየት ካርዱ ራሱ ኤችዲኤምአይ 2.1 ሊኖረው ይገባል።