መለዋወጫ ከማዘዝዎ በፊት ቀለሃውን ይዩት

ባለፈው ጥቅምት አንድ ወዳጄ ደውሎ «ሽጉጤ ቀለሃ አልተፋም ብላለች፤ የትኛውን መለዋወጫ ልዘዝ?» አለኝ። «ቀለሃውን አየኸው ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ምኑን ልየው? ባዶ ቀለሃ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ልስቅበት ቃጣኝና ተውኩት። ከስድስት ዓመት በፊት እኔም ሳላይ ያዘዝኩ ሰው ነኝ።

አዲስ አበባ ሳለሁ አሥራ አንድ ዓመት ጋራዥ ሠርቻለሁ። እዚህ ቨርጂኒያ ደግሞ ረቡዕ ማታ ከአንድ የተኩስ ክበብ ገብቼ ወረቀት እበሳለሁ። የምንወዳደርበትን ዓይነት አሜሪካውያን ቡልስአይ ይሉታል። ሽጉጡ በአንድ እጅ ተይዞ መጀመሪያ አሥር ጥይት በ10 ደቂቃ ይተኮሳል፤ ቀጥሎ አምስት ጥይት በ20 ሰከንድ፣ በመጨረሻም አምስት ጥይት በ10 ሰከንድ። የእኔዋ ከአንድ ጡረተኛ ተኳሽ የገዛኋት፣ የ.22 ሎንግ ራይፍል ጥይት የምትጎርስ፣ አፈሙዟ ወፍራምና 5 ኢንች ተኩል የሆነ ሩገር ማርክ 2 ናት። ቢል ሩገርና አሌክሳንደር ስተርም የመጀመሪያዋን ሽጉጣቸውን ለገበያ ያቀረቡት በ1949 ነው፤ ማርክ 2 ከ1982 እስከ 2004 ተሠራች፤ ማርክ 4 በ2016 መጣች። (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው።) የምጽፈው ስለዚህች ዘር ነው፤ ሌላ ዓይነት ያለዎት ግን አብዛኛውን ነገር በራስዎ ላይ ያገኙታል።

ስለ ቃላት ጥቂት ልበል፤ ሰው በስልክ ሲያማክረኝ ግማሹ ጊዜ የሚያልቀው በዚህ ነውና። ጣት የሚስበውን ምላጭ እለዋለሁ። ቃታ የምለው ደግሞ የድሮ ወታደሮች እንደሚሉት ወደ ኋላ ተስቦ ጥይት የሚያጎርሰውን ብረት ነው። ከቃታው ፊት ላይ ቀለሃውን ይዛ የምትጎትተውን ትንሽ መንጠቆ ጥፍር እላታለሁ። መጉረሻ ጥይቱ ገብቶ የሚተኮስበት የአፈሙዙ የኋላ ክፍል ነው፤ መርፌ ጥይቱን መትቶ የሚያፈነዳው፣ መዶሻ ደግሞ መርፌውን የሚመታው ብረት ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ያኔ ሽጉጤን ፈታትቼ አጠብኩ፤ ገጠምኩ። በሳምንቱ ቀለሃ ከመጉረሻው አልወጣ ማለት ጀመረ። ጥፍሯ አርጅታለች ብዬ አዲስ አዘዝኩ፤ ለውጥ የለም። የቃታውን ሞላ ለወጥኩ፤ ለውጥ የለም። ሁለት አዳዲስ ካዝና ገዛሁ፤ እነሱ እንኳ አልባከኑም፣ ዛሬም እሠራባቸዋለሁ። በመጨረሻ የክበባችን አዛውንት አንድ ቀለሃ ከወለሉ አነሱና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው በመብራት አዟዟሩት። ከአፉ ወደ ታች የወረደች፣ እንደ ጥፍር ጭረት ያለች መስመር ጎኑ ላይ ነበረች። ሌላ ቀለሃ አነሱ፤ ያችው መስመር፣ በዚያው ቦታ። «ባዶውን ስትስበው ነበር?» አሉኝ። አዎ፣ ማታ ማታ ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ላይ እያነጣጠርኩ ምላጭ መሳብ እለማመድ ነበር።

በቃታው ውስጥ የመርፌውን ጉዞ የምትገታ፣ በአግድም የምትገባ ትንሽ ፒን አለች። የቃታው ሞላ ሲወጣ እሷም ልትወድቅ ትችላለች። የእኔዋ ወድቃ የጠረጴዛው ጨርቅ እጥፋት ውስጥ ገብታለች፤ እኔ ያለ እሷ ገጥሜያለሁ። .22 የሚተኮሰው ጠርዙ ተመትቶ ስለሆነ፣ የሚገታው ያጣ መርፌ መጉረሻው ባዶ ሲሆን የመጉረሻውን ጠርዝ ይቀጠቅጣል። ብረቱ ወደ ውስጥ ይበቅላል፤ ቀለሃው ሲያብጥ ያችን እብጠት ይነክሳትና ይታነቃል። ጠመንጃ ሠሪው በሾጣጣ ብረት ገፍቶ በአሥር ደቂቃ አስተካከለው። የከፈልኩት ከገዛኋት ጥፍር ዋጋ ያነሰ ነበር።

ስለዚህ ቀለሃውን ያንብቡት። ጠርዙ ተቀድዶ ከቀረ ጥፍሯ ይዛለች፤ ያልለቀቀው መጉረሻው ነው፤ ቆሻሻ ወይም ጉዳት አለ ማለት ነው። ጠርዙ ላይ ምንም ምልክት ከሌለ ጥፍሯ አልያዘችም። ቀለሃው ወጥቶ በመስኮቱ ላይ እንደ ጭስ ማውጫ ቆሞ ከተገኘ፣ ጥይቱ ደካማ ነው፣ ቃታው ቆሽሿል ወይም እጅዎ ላልቷል። መርፌው ጠርዙን ነክቶት ግን ካልፈነዳ፣ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞሩ 30 ሰከንድ ይቆዩ፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚወጣው። ድምፁ እንደ ቡሽ ፖክ ብሎ ብቻ ከቀረ ደግሞ ሁለተኛ እንዳይተኩሱ፤ እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሽጉጡን ባዶ አድርገው በዘንግ ይፈትሹ።

ማጽዳት ከመጀመርዎ በፊት ጥይቱን ሌላ ክፍል ያስቀምጡ። ካዝናውን ያውጡ፣ ቃታውን ይሳቡ፣ መጉረሻውን በዓይንም በትንሿ ጣትም ይፈትሹ። ማርክ 2 ካዝናዋ ወጥቶም ትተኩሳለች፤ ካዝና በማውጣት ብቻ ባዶ ናት የሚል ሰው አጠገቤ እንዲቀመጥ አልፈልግም። እንጀራ በሚበላበት ጠረጴዛ ላይም አይሥሩ። የ.22 ጥይት እርሳስ ነው፣ ጥቁሩ ብናኝም እርሳስ አለበት። የእኔ ቦታ ምድር ቤት ያለች አሮጌ ዴስክ ናት፤ ስጨርስ እጄን በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና እታጠባለሁ፤ ልብሴም ከልጆቹ ልብስ ጋር አይታጠብም።

የማርክ 2 አፈታት ቀላል ነው፤ ሰውን የሚያስለቅሰው ገጠማው ነው። ምሥጢሩ በመዶሻው ጀርባ የተንጠለጠለችው ዘንግ ላይ ነው። የመያዣውን የኋላ ክንፍ ሲዘጉ ያች ዘንግ በክንፉ ውስጥ ካለው ሞላ አናት ላይ ማረፍ አለባት። እኔ በዚያች ቅጽበት አፈሙዙን ወደ ላይ አቀናለሁ፤ ዘንጓ በራሷ ክብደት ወደ ቦታዋ ትወርዳለች። ተዘግቶ ቃታው እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ካልሄደ ስተዋል፤ በመዶሻ አይግጩት፣ ከፍተው እንደገና ይሞክሩ። ማርክ 4 ላይ ይህ ሁሉ ቀርቶ ከኋላ አንዲት ቁልፍ ተጭነው ሽጉጡ እንደ መጽሐፍ ይከፈታል። መጽሐፍ ማንበብ የማይወዱ ያችን ይግዙ።

ከተፈታ በኋላ ሥራው ያለው ቃታው ፊት ላይ፣ ከጥፍሯ ሥርና መጉረሻው ውስጥ ነው። እኔ የቆየ የጥርስ ብሩሽና ሆፕስ ቁጥር 9 የሚባለውን የመሣሪያ ማጽጃ ፈሳሽ እጠቀማለሁ፤ ሽታው ሚስቴን ያናድዳታል፣ እኔን ደስ ይለኛል። ከጥፍሯ ሥር ያለውን ደረቅ ጥቁር ነገር በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ይፈልቅቁት። ለመጉረሻው የነሐስ ብሩሽ ከኋላ በኩል ይግባ፤ ከአፈሙዙ ጫፍ የሚገባ ዘንግ ጫፉን ይበላዋል፤ ጫፉ ከተበላ ደግሞ ጥይቱ ሲወጣ ያዘነብላል። የአፈሙዙን ውስጥ ግን ብዙ አልነካውም፤ ጥይቱ የተቀባው ሰም ራሱ አንድ ስስ ሽፋን ስለሚሠራለት፣ አጥቤው የወጣሁ ቀን የመጀመሪያዎቹ አሥራ አምስትና ሃያ ጥይቶች ይበታተኑብኛል።

ዘይት በቃታው ግራና ቀኝ አንድ አንድ ጠብታ ይበቃል። አያቴ ጠመንጃውን በሞራ እስኪያብረቀርቅ ይወለውል ነበር፤ እሱ ግን በዓመት ስንቴ ተኮሰ? እዚህ በአንድ ማታ 90 ጥይት ይተኮሳል። ዘይት ከሰምና ከባሩድ ጥላሸት ጋር ሲቀላቀል እንደ ወፍራም ሽሮ ይሆናል። ካዝና ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ዘይት አይግባ።

ካዝናን ካነሳሁ አይቀር፦ በነጭ ቀለም ቁጥር ይጻፉባቸው። «አንዳንዴ ትታነቃለች» የሚባለው ችግር ብዙ ጊዜ «ቁጥር 3 ታንቃለች» ማለት ነው። ከንፈሯ የተጣመመን ካዝና በፒንሳ ለማቅናት ግማሽ ቀን ከማባከን አዲስ መግዛት ይሻላል፤ ይህን የምለው ግማሽ ቀን ያባከንኩ ሰው ነኝ። ሲያዝዙም የሽጉጥዎን ትውልድ ይግለጹ፤ የማርክ 2 እና የማርክ 3 ካዝና የሚመሳሰል ቢመስልም እንዳለ አይቀያየርም።

ጥይትም መለዋወጫ ነው፤ ያውም ርካሹ። ለዒላማ ከድምፅ ፍጥነት በታች የሚሄድ፣ እርሳሱ 40 ግሬይን የሚመዝን ጥይት ይምረጡ። ሲሲአይ ስታንዳርድ ቬሎሲቲ ለምሳሌ በሰከንድ 1,070 ጫማ፣ ማለት 326 ሜትር ያህል ይሄዳል። ፈጣኑ ጥይት በመንገዱ ላይ ከድምፅ ፍጥነት በታች ሲወርድ ይናወጣል፤ በ50 ያርድ ወረቀት ላይ ይታያል። ከሦስት ዓይነት አንድ አንድ ሳጥን ገዝተው ሽጉጡን ከአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፈው ይሞክሩ፤ አንዷ ሽጉጥ የወደደችውን ሌላዋ ትተፋለች።

ገንዘብ የሚወጣበት ነገር ካለ መጀመሪያ እጀታው ላይ ይውጣ። ሽጉጡን ዓይንዎን ጨፍነው ያንሱ፤ ሲገልጡ ማነጣጠሪያው ወደ ጎን ከዞረ እጀታው የእርስዎ አይደለም። ከዚያ በኋላ የቃታው ሞላና ስለት ያላት የብረት ጥፍር፤ በአይዋ ያለው ቮልክዋርትሰን የሚሠራትን እኔ ወድጃታለሁ፣ ከታጠበ መጉረሻ ጋር ማለቴ ነው። ከዓይን ጋር የተጣላ ሰው ባለ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ይግዛ፤ ቡልስአይ ይፈቅዳል፣ የዓለም አቀፉ የተኩስ ፌዴሬሽን የ25 ሜትር ውድድር ግን አይፈቅድም። ብሎኑን ሎክታይት በሚባለው የብሎን ማጣበቂያ፣ በሰማያዊው ያስሩት፤ በቀዩ ያሰረ ሰው ኋላ በእሳት ይፈታዋል።

ምላጭ መጨረሻ ይምጣ። የቡልስአይ ደንብ ለ.22 ምላጩን ለመሳብ የሚያስፈልገው ኃይል ከ2 ፓውንድ እንዲያንስ አይፈቅድም፤ የ25 ሜትሩ ከ1,000 ግራም በታች አይፈቅድም። የእኔዋ 4 ፓውንድ ተኩል ነበረች፤ ዛሬ 2 ከሩብ ናት። ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ይግዙ እንጂ ብረቱን በሞረድ አይንኩ። ከተገጠመ በኋላ ባዶውን ይፈትኑ፦ የደህንነት ቁልፉ ተዘግቶ ምላጩ ሲሳብ መዶሻው መውደቅ የለበትም፤ ቁልፉ ሲከፈትም በራሱ መውደቅ የለበትም፤ ቃታው በኃይል ሲዘጋም እንዲሁ። አንዱን ካልፈጸመች ጥይት አያጉርሷት፤ ጠመንጃ ሠሪ ይያት። ያገለገለ ማርክ 4 የሚገዙ ከሆነ፣ ኩባንያው ከጁን 1 ቀን 2017 በፊት የተሠሩትን በዚሁ የደህንነት ቁልፍ ጉዳይ ለጥገና መልሶ ጠርቷቸው ስለነበር፣ የእርስዎዋ መስተካከሏን በቁጥሯ ያጣሩ። ደግሞ በዚህች ዘር በሕግ «መሣሪያው» የሚባለው ቁጥር ያለበት አፈሙዙ የተያያዘበት የላይኛው ክፍል ነው፤ እሱን ለመለወጥ ያሰበ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ይሂድ።

ወዳጄ በማግስቱ የቀለሃዎቹን ፎቶ ላከልኝ። መስመር የለም፣ ጠርዛቸው ግን ተነክሷል። የነሐስ ብሩሽ ይዤ ቤቱ ሄድኩ፤ ከመጉረሻው የወጣው የሰምና የእርሳስ ቀለበት የጨርቁን ጫፍ አጠቆረው። ረቡዕ 60 ጥይት ተኮሰ፤ አንድም አልታነቀም። ጥፍሯን ግን ከእኔ ጋር ከማውራቱ በፊት አዝዞ ነበር። አሁን ከነማሸጊያዋ የእኔ መሳቢያ ውስጥ፣ ከእኔዋ ጎን ተቀምጣለች።