ዳንቴን ስንኝ በስንኝ ማንበብ፦ የፍራንቼስካ ንግግር

የጣሊያናዊው ገጣሚ የዳንቴ «መለኮታዊ ኮሜዲ» 100 ካንቶዎች (የግጥሙ ምዕራፎች) እና 14,233 ስንኞች አሉት። ለጥልቅ ንባብ ግን አንድ ካንቶ ይበቃል። 142 ስንኝ ብቻ ካለው፣ «ሲኦል» ከተባለው የመጀመሪያ ክፍል 5ኛ ካንቶ ይጀምሩ። ጣሊያንኛውና ትርጉሙ ትይዩ ገጾች ላይ የታተሙበት ቅጂ ይያዙ፤ ቋንቋውን ባይችሉም ድምፁን መከተል አያዳግትም።

መጀመሪያ ጮክ ብለው ያንብቡ። ቀጥሎ ቤት የሚመቱትን ቃላት በእርሳስ ያያይዙ። ስንኞቹ ሦስት ሦስት እየሆኑ ይሄዳሉ፤ የመካከለኛው ስንኝ መድረሻ ከሚቀጥለው አንጓ አንደኛና ሦስተኛ ስንኝ ጋር ቤት ይመታል። 101ኛው በ«ፔርሶና» ሲያልቅ 103ኛው «ፔርዶና»፣ 105ኛው «አባንዶና» ይላል። ሰንሰለቱ የሚያበቃው ብቻውን በቆመው 142ኛ ስንኝ ነው፤ ዳንቴ እንደ ሬሳ የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ከ100 እስከ 107 ባሉት ስንኞች ላይ ይቆዩ፤ የካንቶው ምስጢር የሚከፈተው እዚህ ነው። ተናጋሪዋ ከባሏ ወንድም ከፓኦሎ ጋር የተገደለችው ፍራንቼስካ ናት። 100ኛው፣ 103ኛውና 106ኛው ስንኝ «አሞር»፣ ማለትም «ፍቅር» ብለው ይጀምራሉ። ግሶቹን ያስምሩና የእያንዳንዱን ባለቤት ይጠይቁ፦ ፍቅር እሱን ያዘው፣ ፍቅር እኔን ያዘኝ፣ ፍቅር ወደ አንድ ሞት መራን። አድራጊው ሁልጊዜ ፍቅር ነው፤ እሷ ያደረገችው ነገር የለም። የአማርኛ አንባቢ ይህን ሳያስተውል ሊያልፍ ይችላል፤ «ፍቅር ያዘኝ» የዕለት ተዕለት አባባላችን ስለሆነ ጆሯችን አይነቃም። ፍራንቼስካ ግን ሰዋስዉን ጠበቃ አድርጋ አቁማዋለች። «ኡና ሞርቴ»፣ «አንድ ሞት»፣ የሚለውን ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይበሉት፤ «አሞር» ከውስጡ ይሰማል።

137ኛው ስንኝ ላይ ጥፋቱ ወደ መጽሐፍ ይዞራል። ሁለቱ ንግሥቲቱን ያፈቀረውን የንጉሥ አርተርን ፈረሰኛ፣ የላንስሎትን ታሪክ ያነቡ ነበር። በጥንቱ የፈረንሳይኛ ትረካ ቀድማ የምትስመው ንግሥቲቱ ናት፤ ፍራንቼስካ ስታወራው ግን ሳሚው ወንዱ ነው። ግጥሙ ሌላ መጽሐፍ ሲጠራ ያንን መጽሐፍ ማመሳከር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሁለት ስሕተቶች በብዛት ይታያሉ። አንደኛው፣ ሰምና ወርቅ የለመደ አንባቢ ሰሙን ሳይጨርስ ወርቁን መቆፈሩ ነው። ዳንቴ ራሱ «ኮንቪቪዮ» በተባለው ድርሳኑ ቃል በቃል ያለው ፍቺ እንዲቀድም አጥብቆ ይናገራል። ሁለተኛው «እኔ» የሚለውን አንድ ሰው አድርጎ መውሰድ ነው። በግጥሙ ውስጥ ሲኦልን የሚጎበኘው መንገደኛው ዳንቴ አዝኖ ይወድቃል፤ ገጣሚው ዳንቴ ደግሞ እሷን ሲኦል ያስቀመጣት ነው። ስለዚህ በኅዳጉ ላይ «መንገደኛ» ወይም «ገጣሚ» እያሉ ምልክት ያድርጉ።

በመጨረሻ ወደ 139ኛው ስንኝ ይመለሱ። አንዷ ነፍስ ስትናገር ሌላዋ ታለቅሳለች፤ የሚያለቅሰው ፓኦሎ ነው። እንባውን እያሰቡ ንግግሯን ከ100ኛው ስንኝ ጀምረው እንደገና ያንብቡ።