የእስያ ቦይስ ላቭ ድራማን መርጦ ለማየት

ቦይስ ላቭ፣ ባጭሩ ቢኤል የሚባለው የእስያ ተከታታይ ድራማ፣ የሁለት ወንዶችን ፍቅር ዋና ታሪኩ አድርጎ የሚያቀርብ ዘርፍ ነው። ታይላንድ ብቻዋን በየዓመቱ በርካታ አዳዲስ ሥራዎችን ስለምታወጣ፣ ጃፓን፣ ኮሪያ፣ ታይዋንና ፊሊፒንስም የየራሳቸውን ስለሚጨምሩበት፣ አዲስ ተመልካች ከየት እንደሚጀምር ግራ ቢገባው አያስደንቅም። አብዛኛው ሰው በስልኩ ላይ ባጋጠመው አጭር ቪዲዮ ተስቦ ብዙ የተወራለትን ድራማ ይከፍትና ሦስተኛው ክፍል ላይ ሰልችቶት ዘርፉን በሙሉ እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚያ ሰው ነው። የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሌላው ምክር ሁሉ ከእርሱ ስለሚመነጭ መመዘኛዬን አስቀድሜ ልናገር። አንድን ቢኤል ድራማ ሳይ የምጠይቀው ሁለቱ ሰዎች ምን ያህል መልከ መልካም እንደሆኑ ወይም በስንተኛው ክፍል እንደሚሳሳሙ ሳይሆን፣ ከሁለቱ ውጭ የሚኖሩበት ዓለም አላቸው ወይ የሚለውን ነው። ሥራ፣ የቤት ኪራይ፣ ወላጅ፣ ሐሜተኛ ጎረቤት ያለበት ታሪክ ለፍቅሩ ክብደት ይሰጠዋል። ሁለት ቆንጆ ተማሪዎች ትምህርትም ቤተሰብም በሌለበት ግቢ ውስጥ እየተያዩ የሚሽኮረመሙበት ታሪክ ግን አሥራ ሁለት ክፍል ቀርቶ ሁለት ክፍል እንኳ አይሞላም።

በዚህ መመዘኛ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ከጃፓኑ «ቼሪ ማጂክ» ቢጀምር እመርጣለሁ። በ2020 በቲቪ ቶኪዮ የቀረበ ባለ 12 ክፍል ድራማ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክፍል ግማሽ ሰዓት እንኳ ስለማይሞላ በቃና የሚቀርቡትን ማለቂያ የሌላቸው የቱርክ ድራማዎች ለለመደ ተመልካች እንደ እረፍት የሚቆጠር ነው። አዳቺ የተባለው ዓይናፋር የቢሮ ሠራተኛ ከማንም ጋር ሳይተኛ 30 ዓመት ስለሞላው የነካውን ሰው ሐሳብ የመስማት ኃይል ያገኛል፤ በተጨናነቀ አሳንሰር ውስጥ ሰው ሲነካውም የሁሉም አድናቆት የማይለየው ባልደረባው ኩሮሳዋ በልቡ የሚያወራው ስለ እርሱ እንደሆነ ይሰማል። ሐሳቡ የልጆች ተረት ይመስላል። ነገር ግን ድራማው ያንን ኃይል የሚጠቀምበት ከባድ ጥያቄ ለማንሳት ነው፤ ሰው ሳይነግርህ የሰማኸውን ይዘህ ምን ታደርጋለህ? በአንድ የሥራ ባልደረቦች ግብዣ ላይ በጨዋታ ምክንያት ሁለቱ እንዲሳሳሙ ሲታዘዙ፣ ኩሮሳዋ አዳቺ መፍራቱን ተመልክቶ ግንባሩን ብቻ ይስመዋል። በዘርፉ ውስጥ ከማውቃቸው የፍቅር ትዕይንቶች መካከል ይህን ያህል በጥቂት ነገር ብዙ የሚናገር አይበዛም።

ከዚያ በኋላ ሳይዘገይ የ2019ኙን «ዋት ዲድ ዩ ኢት የስተርዴይ» ማየት ይገባል። ከመሠረቱ የማንጋ፣ ማለትም የጃፓን ሥዕላዊ መጽሐፍ፣ ታሪክ ሲሆን፣ በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ ጠበቃና ፀጉር አስተካካይ አብረው የሚኖሩበትን ቤት ያሳያል። ጠበቃው ሺሮ ከሥራ ሲወጣ በገበያ የረከሰውን እየመረጠ ይገዛል፣ ወጪውን ይቆጥባል፣ ራት ያበስላል፤ ኬንጂ ደግሞ አብሮት ስለሚኖረው ሰው ለደንበኞቹ በነፃነት ያወራል፤ ጠብ የሚነሳውም ከዚሁ ነው፣ ሺሮ በመሥሪያ ቤቱ እንዳይታወቅበት ይፈራልና። መሳሳም አይታይም ለማለት ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ሁለት ሰዎች ለዓመታት አብረው መኖራቸው ምን እንደሚመስል ከዚህ በተሻለ ያሳየኝ የለም። ፈጣን ታሪክ የሚወድ ሰው ሊሰለቸው እንደሚችል አልክድም።

ታይላንድ ሦስተኛ ትምጣ ያልኩት በደረጃ አንሳ አይደለም። እንዲያውም ዘርፉን ለዓለም ያዳረሰችው እርሷ ናት። በ2014 የቀረበው «ላቭ ሲክ» መንገዱን ከፈተ፣ በ2016 «ሶተስ» አሰፋው፣ በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ሰው ቤቱ ተከቶ በነበረበት ወቅት የወጣው «ቱጌዘር» ደግሞ ከእስያ ውጭ ላለው ተመልካች አደረሰው። በዚህ ዝናው የተነሳ ብዙዎች በ«ቱጌዘር» ጀምሩ ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። አንድ ተማሪ የማይፈልገውን አፍቃሪ ለማራቅ ሌላውን የውሸት ፍቅረኛ ሁንልኝ ብሎ የሚለምንበት መነሻው አዝናኝ ነው፤ ሁለቱ በእውነት ከተዋደዱ በኋላ ግን ደራሲዎቹ የሚሰጧቸው ሥራ ያልቅባቸዋል፤ ምክንያቱም ጊታር ከመጫወትና ከመቅናት በስተቀር ምንም ዓለም አልተሠራላቸውም።

«ሶተስ» የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በምህንድስና ፋኩልቲ ነባር ተማሪዎች አዳዲሶቹን እየጮሁ የሚያስፈራሩበትን፣ በታይላንድ ዩኒቨርሲቲዎች በእውነትም ያለውን ልማድ መነሻ አድርጎ፣ አንድ አዲስ ገቢ ይህን ሥርዓት ሲጋፈጥ ያሳያል፤ ይህ ክፍሉ ዛሬም ጥንካሬውን አላጣም። ያው ወጣት ግን ነባሩን አለቃ በሰው ፊት የሚደፍረው ሚስቴ አደርግሃለሁ በማለት ነው። ከሁለቱ አንዱ «ባል»፣ ሌላው «ሚስት» መሆን አለበት የሚለው አስተሳሰብ የቆየ ነው። በ1970ዎቹ በጃፓን ሴት የማንጋ ሠዓሊዎች ለሴት አንባቢዎች የሁለት ወጣት ወንዶችን ፍቅር መሣል ሲጀምሩ የተተከለ፣ በኋላም አንዱ ሁልጊዜ የሚያሳድድ፣ ሌላው ሁልጊዜ የሚሸሽ ሆኖ የጸና ልማድ ነው። ዘርፉ ከሴቶች ምናብ መወለዱ ነውር የለበትም፤ ሴት ተመልካች ራሷን ሳታስፈርድ ፍቅርን ከውጭ ሆና የምታይበት መስኮት አግኝታለች። ችግሩ የሚነሳው ያ ድልድል ሳይመረመር ሲደገም፣ በተለይም ገጸ ባሕርዩ «እኔ ወንድ አልወድም፣ የምወደው አንተን ብቻ ነው» እያለ በእውነት ወንድ የሚወዱትን ሰዎች ከገዛ ታሪካቸው ሲያስወጣቸው ነው። ይህን አባባል የሰማ ተመልካች ድራማው በኋላ ላይ ይመልስበት እንደሆነ ልብ ብሎ ይጠብቅ፤ ካልመለሰበት ስለ ጸሐፊው ብዙ ነገር ተረድቷል ማለት ነው።

ከታይላንድ ሥራዎች መካከል ያለ ማመንታት የምመክራቸው ሁለት ናቸው። በ2020 የወጣው «አይ ቶልድ ሰንሴት አባውት ዩ» አምስት ክፍል ብቻ ነው፤ በፉኬት ከተማ ተኳርፈው የኖሩ ሁለት የልጅነት ጓደኞች የቻይንኛ ትምህርት በሚሰጥበት ቦታ እንደገና ይገናኛሉ፤ ታሪኩም የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፉክክርን፣ ኑድል እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ እናትን፣ ራሱን ለመቀበል የሚፈራ ልጅን አንድ ላይ አጣምሮ ይሄዳል። በ2023 የቀረበው ባለ 8 ክፍል «ሙንላይት ቺክን» ደግሞ በፓታያ ሌሊት የዶሮ ሩዝ ስለሚሸጥ ጂም ስለተባለ ሰው ነው። ጂም ወጣት አይደለም፣ የገንዘብ ጭንቀት አለበት፣ የእህቱን ልጅ ያሳድጋል፤ ያም ልጅ መስማት የተሳነውን ሃርትን ለመቅረብ ሲል የምልክት ቋንቋ ይማራል። ሁለቱ ልጆች በእጃቸው በሚነጋገሩባቸው ትዕይንቶች ድምፁ ሲቀንስ ስልክን ወደ ጎን አድርጎ ፊታቸውን ማየት ያስፈልጋል፤ የግርጌውን ጽሑፍ ብቻ የሚያነብ ግማሹን ያጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ታይላንድ እነዚህን ድራማዎች ለዓለም በምትሸጥባቸው በነዚያ ሁሉ ዓመታት፣ ታሪካቸው የሚነገርላቸው ሰዎች በሕግ መጋባት አይችሉም ነበር፤ ጋብቻቸውን የፈቀደው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ጥር 23 ቀን 2025 ነው፤ በደቡብ ምሥራቅ እስያም የመጀመሪያው ሆነ። በእስያ ግን ግንቦት 24 ቀን 2019 ታይዋን ቀድማታለች። በ2017 የተሠራን ድራማ የሚያይ ሰው ገጸ ባሕርያቱ ስለ ወደፊቱ ሲያወሩ ለምን እንደሚያድበሰብሱ ይህን ቢያውቅ ይገባዋል።

ፈቃድ የሚባለው ጉዳይ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ነው። የ2019ኙን «ታርንታይፕ» የመሳሰሉ ሥራዎች ገና ከመጀመሪያ ክፍሎቻቸው ያልተፈቀደ ንክኪን እንደ ቀልድ ወይም እንደ ፍቅር ያቀርባሉ፤ ለስለስ ያለ ሙዚቃና ዝግ ያለ ምስል ስለሚታከልበትም ተመልካቹ የሚያየውን ሳይመረምር ያልፋል። አንድ ትዕይንት ካጠራጠረ ድምፁን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ መድገም ነው። ሙዚቃው ሲወገድ የተሳመው ሰው እጆች የት እንዳሉ፣ እየገፉ ወይስ እየያዙ እንደሆነ፣ ዓይኑም ወዴት እንደሚመለከት በግልጽ ይታያል። በዚህ ፈተና የወደቁ ዝነኛ ድራማዎች ጥቂት አይደሉም፤ ታዳጊዎች የሚያዩት ከሆነ ደግሞ አብሮ ተቀምጦ መነጋገር ከመከልከል ይሻላል እላለሁ።

ቻይና ሌላ ዓይነት አነባበብ ትጠይቃለች። በ2016 «አዲክትድ» የተባለው ድራማ ሳያልቅ ከቻይና የቪዲዮ ገጾች ተነሣ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ፍቅሩን በግልጽ ከመናገር ተቆጠቡ። የ2019ኙ ባለ 50 ክፍል «ዘ አንቴምድ» የተነሣበት ልቦለድ ፍቅር ያደረገውን ጥልቅ ወዳጅነት አድርጎ አቀረበው። ተመልካቹ ታዲያ ከንግግሩ ይልቅ ዕቃዎቹን መከተል አለበት። በድራማው የላን ቤተሰብ አባላት ግንባራቸው ላይ የሚያስሩትን ነጭ ጥብጣብ ከወላጅ፣ ከትዳር ጓደኛና ከልጅ በቀር ማንም እንዳይነካው ሕጋቸው ይከለክላል፤ ከሁለቱ ዋና ገጸ ባሕርያት አንዱ የሆነው ላን ዋንግጂ ግን በአንድ ዋሻ ውስጥ ያንን ጥብጣብ ፈትቶ የሌላውን፣ የዌይ ዉሺያንን፣ እጅ ከራሱ ጋር ያስርበታል። ሳንሱሩ ቃል አላገኘበትም፤ ሕጉን ያስታወሰ ተመልካች ግን የሰማው ከኑዛዜ አይተናነስም። በ2021 ተቆጣጣሪዎቹ ይበልጥ ስላጠበቁ እንዲህ ያለ ሥራ ከቻይና መጠበቅ አስቸጋሪ ሆኗል።

ኮሪያ ጊዜ ለሌለው ሰው ትመቻለች። በ2022 የወጣው «ሴማንቲክ ኤረር» ስምንት አጫጭር ክፍሎች ብቻ ነው፤ አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ በቡድን ሥራ ያልተሳተፈውን ነባር ተማሪ ስም ከሥራው ላይ ሰርዞ ምርቃቱን ሲያስቀርበት ጠቡ ይጀምራል። ከፊሊፒንስ የ2020ው «ጌምቦይስ» ይበቃል፤ በወረርሽኙ ጊዜ ሁለት ወጣቶች በስክሪን ብቻ የሚተዋወቁበት ሲሆን፣ የአንዱ አባት በዚያው በሽታ ሆስፒታል መተኛቱ ቀልዱን በድንገት ያከብደዋል።

ስለ ተዋንያኑም ልናገር፣ ብዙ አድናቂ የሚታመመው እዚህ ላይ ነውና። የታይላንድ ድርጅቶች ሁለት ተዋንያንን አጣምረው ከድራማ ወደ ድራማ፣ ከማስታወቂያ ወደ መድረክ ዝግጅት ይዘዋቸው ይዞራሉ፤ ጥንዶቹ ከካሜራ ውጭም እንደሚዋደዱ የሚያስመስለው ነገር የንግዱ አካል ነው። በእውነት ይዋደዱ ይሆን ብሎ መመርመር ትርፉ ድካም ነው፤ ከዚያም አልፎ በሰው የግል ሕይወት መግባት ነው። ማስታወቂያው በድራማው ውስጥም እንዳለ መዘንጋት የለበትም። ገጸ ባሕርዩ በልቅሶው መሐል የፊት ክሬም አንሥቶ ጽሑፉን ወደ ካሜራው አዙሮ ሲቀባ መናደድ አያስፈልግም፤ ደሞዙ የሚከፈለው ከዚያ ነው።

የት ይታያል ለሚለው፣ ጂኤምኤምቲቪ የተባለው የታይላንድ ድራማ አምራች ድርጅት በርካታ ሥራዎቹን በራሱ የዩቲዩብ ገጽ፣ እያንዳንዱን ክፍል በአራት ቆራርጦ ከእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ጋር ሲያወጣ ኖሯል፤ ቪኪ፣ አይቺዪና ኔትፍሊክስም የየድርሻቸውን ይዘዋል፤ ጋጋኡላላ ደግሞ ለዚሁ ዓይነት ታሪክ የተቋቋመ የታይዋን አገልግሎት ነው። ምን እንደሚገኝ እንደየአገሩ ስለሚለያይ አስቀድሞ መፈለግ ይበጃል።

በመጨረሻ፣ እስከ መቼ ልታገስ የሚለው ጥያቄ አለ። ለኮሪያ ሥራ ሁለት ክፍል፣ ለታይላንድ ሦስት ክፍል ይበቃል፤ እስከዚያ ድረስ ከሁለቱ ፍቅረኞች ውጭ ስሙን የምታስታውሱት ሰው ከሌለ ተዉት። እስከ አሥረኛው ከዘለቃችሁ ግን በአሥራ አንደኛው ተስፋ አትቁረጡ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢነጋገሩ የሚፈታ አለመግባባት ተፈጥሮ ሁለቱ የሚለያዩት ብዙውን ጊዜ በዚያ ክፍል እንደሆነ የዘርፉ ተከታታይ ሁሉ ያውቀዋል። በ2021 የጀመረው «ባድ ባዲ» ይህን ልማድ አውቆ ተጫውቶበታል፤ እንዴት እንደተጫወተበት ያላየ ሰው ስላለ አልናገርም።